የማሽኗ ዳንቴል

ዶክተር ሰሚራ «እኔ አልፈርምም» ስትል፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ሳይሆን በተቀመጥኩበት ወንበር ነው። መደገፊያው የተሰበረ ወንበር ነው፤ ቢሮዋ በሄድኩ ቁጥር ለእኔ የሚደርሰኝ እሱ ነው። ለኢንጂነሩ ደህናው ወንበር፣ ለሐኪሟ የራሷ ወንበር፣ አየር ለምለካው ለእኔ ይሄ። ጥናቱ የሦስታችንም ነው ይባላል። ወገቤ ግን አያምንም።

«ምኑን ነው የማትፈርሚው?» አላት በሱፍቃድ። ኢንጂነሩ እሱ ነው። «ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጉባኤ ላይ ይቀርባል። የቀረው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው።»

«እሱን ነው የማልፈርመው።»

እኔ ከምሳ በኋላ መከራከር ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ጥናታችን ሲናገሩት ቀላል ነው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ በጠባብ ቤት እሳት እያነደዱ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ፤ ቆሎ የሚቆሉ፣ ዳቦ የሚጋግሩ፣ በርበሬ የሚያምሱ። በሱፍቃድ ጭስ ይቀንሳል ያለውን ምድጃ ሠራላቸው። እኔ ምድጃው ከመሰጠቱ በፊትም በኋላም ግድግዳቸው ላይ አየር የምትለካ ትንሽ ማሽን ሰቀልኩ። ሰሚራ ደግሞ በፊትም በኋላም ክሊኒክ እያስመጣች፣ በቱቦ እፍ እያስባለች ሳንባቸውን ለካች። ጭሱ ቀንሶ ሳንባው ከተሻለ ምድጃው ሠራ ማለት ነው፤ ለሌላውም ሰፈር ይታደላል። እኔ ፍትዊም በመጨረሻ ፒኤችዲዬን እገላገላለሁ።

እገላገላለሁ ያልኩት በምክንያት ነው። ትምህርቱን ስጀምር ልጄ ኬብሮን አልተወለደችም ነበር። አሁን አንደኛ ክፍል ገብታ መምህርቷ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብትላት «ይማራል» ብላ መለሰች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ አሉ። እኔም ሲነገረኝ ስቄያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ትምህርት ቤቷ በር ድረስ አልሸኛትም፤ ትንሽ ራቅ ብዬ ነው የምመለሰው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የእኔ ቁጥርና የሰሚራ ቁጥር አይነጋገሩም። የእኔ ቁጥር ሲያዩት ያስደስታል። አዲሱ ምድጃ በገባባቸው ቤቶች ሁሉ አየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ ወደ ታች ወርዷል፤ ግራፉን ያየ ሰው ሁሉ ያፏጫል። የሰሚራ ቁጥር ደግሞ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም የአንዳንዶቹ ሴቶች ሳንባ ብሶበታል።

«ሳንባ ጊዜ ይፈልጋል» አለ በሱፍቃድ። «ዛሬ ጭስ ቢቀንስ ነገ አይድንም። ያንቺው ሙያ እኮ ነው፤ እኔ ልንገርሽ?»

«ጊዜ ይፈልጋል። ግን ጭስ ቆሞ እንዲህ አይብስም።» ወደ እኔ ዞረች። «ቆሎ የሚቆሉት እትዬ ጠጅቱ ባለፈው መጥተው ደረጃውን መውጣት አቅቷቸው ጥበቃው የራሱን ወንበር ሰጣቸው። አንተ ደግሞ ቤታቸው እንደ እንጦጦ አየር ነው ትለኛለህ።»

«እኔ አላልኩም። ማሽኗ ናት ያለችው።»

«ማሽንህን አምኜ እኮ ነው ‘ቤትዎ ንጹህ ነው፣ ጭሱ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው’ ብዬ ለሌላ ምርመራ የላክኋቸው። አንዱ ሐኪም ለሌላው ሲያቀባብላቸው ከርሟል። ምንም አልተገኘም።» እስክሪብቶዋን ከጽሑፉ ላይ አንስታ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። «አንድ ቤት ሄደህ እይልኝ። አንድ ብቻ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

በሱፍቃድ ተነፈሰና ሰዓቱን አየ። እኔ ተነሣሁ። ወንበሩም አብሮኝ ሊነሣ ምንም አልቀረውም።

የሰው ቤት ከመሄዳችን በፊት የመደወል ደንብ አለን። የሰው ጓዳ ነው፣ ሰተት ተብሎ አይገባም፤ «ነገ እንመጣለን» ይባላል፣ ባለቤቷ ትፈቅዳለች፣ ከዚያ ይኬዳል። ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው እንኳ አመስግኖኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ሳልደውል ሄጄ አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ባያልቅም የምደውል አይመስለኝም። ደንብ ማክበርም ጉልበት ይጠይቃል።

ከልደታ በእግሬ ወረድኩ። ሚያዝያ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ቀጠሮ የተሰጣቸው ሰዎች ፋይላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ጥላ ይፈልጋሉ፤ የታክሲ ረዳቶቹ «አብነት! አብነት!» እያሉ ይጣራሉ። እትዬ ጠጅቱ ጠዋት ጠዋት ቆሏቸውን የሚሸጡት እዚያ አጥር ሥር ነው። የተከሰሰውም የከሰሰውም ከሳቸው ነው የሚገዛው። ዳኛም ሰው ልኮ ያስገዛል፣ እሳቸው እንዳሉት ከሆነ።

ግቢያቸው ውስጥ ገመድ ሙሉ ልብስ ተሰጥቷል፤ የጎረቤታቸው የሀዲያ ነው። የእትዬ ጠጅቱ በር ተዘግቷል። ይሄ ገረመኝ። እኛ ስንሄድ ሁልጊዜ በሩ ወለል ብሎ ይጠብቀናል፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ እሳቱ ጠፍቶ፣ እሳቸውም ንጹሕ ሻሻቸውን አስረው። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ፍትዊ ነኝ፣ እትዬ ጠጅቱ።»

«በስመ አብ! ሳትደውል?» ከውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ፣ አንድ ነገር ወደቀ። «ቆይ! ቆይ አንዴ፣ ልጄ!» ሊቀጥሉ ሲሉ ሳል ያዛቸው። መቆሚያ አጥተው ግድግዳ ሲይዙ ይሰማኛል። መጠበቅ አልቻልኩም፣ በሩን ገፋ አደረግኩት።

ከእሳቸው በፊት የተቀበለኝ ጭሱ ነው። ዓይኔ ሲለምድ እትዬ ጠጅቱን አየኋቸው፤ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ አንዱ የቆሎ ማማሰያው ላይ። በሱፍቃድ የሠራው ምድጃ መሀል ላይ ቁጭ ብሏል፣ ይነድዳል፤ ከላዩ ግን የተጣደው ሰፊው ብረት ምጣዳቸው ነው፣ ከምድጃው አፍ በጣም ይሰፋል። ጭሱ በጢስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ በምጣዱ ዙሪያ በጎን ይወጣል። የሚያነዱትም ከአብነት የእንጨት ሥራ ቤቶች በማዳበሪያ የሚያስመጡትን ቁርጥራጭ ነው፣ ቫርኒሽ የነካውን። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል።

ከዚያ ማሽኗን ፈለግኩ። አጣኋት።

የእትዬ ጠጅቱን ቤት ማወቅ አለባችሁ። እዚያ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮኑ ለብሷል፣ የውሃው ጄሪካን ሳይቀር ዙሪያው የተጠለፈ ልብስ አለው። ይሄን ሁሉ በሄድኩ ቁጥር አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኝም አድንቄያለሁ። የእኔ ማሽን በተሰቀለችበት ቦታ ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን፣ አሁን ያለው ነጭ ዳንቴል ነው፤ ጫፉ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ፣ ከሥር በሪባን የታሰረ፣ ልክ በልኳ የተሠራ። በቀዳዳዎቹ በኩል የማሽኗ አረንጓዴ መብራት ጭል ጭል ይላል።

«እትዬ ጠጅቱ» አልኩ፣ «ይሄ ምንድን ነው?»

«ውይ፣ አየሃት!» አሉ። እያፈሩ ነበር፤ ግን ያፈሩት እኔ በጠረጠርኩት ነገር አይደለም። «ሳላጥብላት መጣህብኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆሽሻለች፣ እንዳታይብኝ።»

«መቼ ነው ያለበሷት?»

«አዲሱ ምድጃ ከመጣ ጀምሮ ነዋ። መጀመሪያ ጊዜ ስትወስዳት ጥላሸት ለብሳ አልነበር? በጥጥ በአልኮል ስትጠርጋት እኔ እዚያ ጋ ቆሜ አየሁህ። ምንም አላልክም። ምንም አለማለትህ ነው የገደለኝ። የሰው ዕቃ ተቀብዬ አጥቁሬ መለስኩ፤ እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።»

ሪባኑን ፈታሁት። ዳንቴሉ ገበር አለው፤ ከውስጥ በድርብ አቡጀዲ ተሰፍቷል፣ ትንሽ ብናኝ እንኳ እንዳይገባባት። ማሽኗ ሆዷ ውስጥ አየር የምትስብባት አንዲት ትንሽ ፋን አለች። አቡጀዲው ላይ፣ ልክ በፋኗ ትይዩ፣ ጥቁር ክብ ምልክት ወጥቷል። በጣት ስነካው ጣቴ ጠቆረ።

«ስትለብስ ደስ ይላታል እኮ» አሉኝ እትዬ ጠጅቱ። «ራቁቷን ስትሆን ቀይ ታበራለች፣ ሳለብሳት አረንጓዴ ትሆናለች። እይ እስቲ።»

ቀይ ማለት ጭስ ማለት ነው። አረንጓዴ ማለት ንጹህ ማለት ነው። ይሄን ማንም አልነገራቸውም፤ ሰዎቹ መብራቱን እያዩ ልማዳቸውን እንዳይቀይሩ ብለን አለመንገሩን የወሰንነው ራሳችን ነን። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አለን።

«ሌሎቹስ ሴቶች? ሀዲያስ? ወይንሀረግስ?» አልኩ።

«ለሁሉም ሠርቼላቸዋለሁ። ምድጃ የደረሳቸው ሁሉ፣ አንድም አልቀረ። የሀዲያ ሰማያዊ ነው፣ ሰማያዊ ትወዳለች። ነገ እንመጣለን ስትሉ እናወልቃታለን፣ ወልወል እናደርጋታለን፣ ልብሷን አጥበን እናሰጣለን። የሰው ዕቃ በንጽሕና ነው የሚመለስ።» ትንሽ አሳላቸውና ፊታቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። «ጆሮህን ብታስጠጋ ስትተነፍስ ትሰማታለህ፣ ታሳዝናለች። ይሄን ሁሉ ጭስ ደግሞ እሷ ላይ? እኔ ተላምጄዋለሁ። እሷ እንግዳ ናት።»

ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት ምን እንደነበረ አላውቅም፣ የቆሎ ጆንያ ይመስለኛል። ልስቅም ፈለግኩ፣ ላለቅስም ፈለግኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን እዚያው ጆንያው ላይ ጋደም ብዬ መተኛት ፈለግኩ። ያ የሚያስፏጭ ግራፍ፣ ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ ስብሰባ። የለካሁት የጌጃ ሰፈርን አየር አይደለም። የዳንቴል ውስጥ አየር ነው።

«ምነው ከፋህ?» አሉኝ። «ቆይ ይቺን ላውርድና ውሃ ልስጥህ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አልሆንኩም ገና፣ እትዬ ጠጅቱ።»

«ትሆናለህ። ለልደታ ጃንጥላ ተስዬልሃለሁ፤ ስትመረቅ ነው የማስገባው። የምታስመርቅህ ይቺ ማሽን አይደለች? ለዚያ እኮ ነው እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቃት።»

ለአንድ አፍታ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልደብቅም። ዳንቴሉን መልሶ ማልበስ፣ ሪባኑን ማሰር፣ ቆሎ ዘግኖ መውጣት። ለሰሚራ «አየሁ፣ ሁሉም ደህና ነው» ማለት። በሚቀጥለው ሳምንት ጉባኤው፣ በክረምቱ ምረቃው። እትዬ ጠጅቱም ጃንጥላቸውን ያስገባሉ። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ እሳቸው ደግሞ ያደረጉት ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ሐሳቡ አጠገቤ ተቀምጦ ደህና አድርጎ አባበለኝ።

ከዚያ አሳላቸው እንደገና። ሲያበቁ ከንፈራቸው ጠቆር ብሎ ነበር።

«ይሄን ዳንቴል ልውሰደው?» አልኩ።

«እንዴ! በቆሻሻዋ? አታዋርደኝ፣ ልጠባትና ነገ ና።»

«ሳይታጠብ ነው የምፈልገው።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ በፌስታል ጠቅልለው፣ ማንም እንዳያየው አስምለው፣ ከላዩ ቆሎ አድርገውበት ሰጡኝ። ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኳቸውም። መንገር ነበረብኝ፤ አቅም አጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዳንቴሉን የሰሚራ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በሱፍቃድ መጀመሪያ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ዳንቴል! ሪባን አለው ደግሞ!» ስለ ሌሎቹ ቤቶች ስነግረው ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«ስለዚህ ምድጃዬ አይሠራም ነው የምትለኝ?»

«አላውቅም። ሊሠራ ይችላል፣ ላይሠራ ይችላል። ማናችንም አናውቅም። ያየሁት ግን የሳቸው ብረት ምጣድ ከምድጃህ አፍ እንደሚሰፋና ጭሱ በጎን እንደሚወጣ ነው።»

«እኔ የሠራሁት ለድስት ነው!»

«እሳቸው የሚቆሉት ቆሎ ነዋ!»

ሁለታችንም ጮኸን ነበር። በሩ አጠገብ ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞች ወደ እኛ ዞሩ። በሱፍቃድ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሙኝ። ጽሑፉ ላይ ‘የጥናቱ ውስንነት’ የሚል ክፍል አለ አይደል? እዚያ አንድ መስመር እንጨምር። ‘አንዳንድ ነዋሪዎች መለኪያውን ሸፍነው ሊሆን ይችላል።’ ውሸት አይደለም። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ስንት ዓመት የለፋንበት ነው፣ በአንድ ጨርቅ?»

መልካም ሰው ነው በሱፍቃድ፤ ያን ምድጃ ሲሠራ እጁ ተቃጥሎ ጠባሳው አሁንም አለ። አልፈረድኩበትም። ማታውን ሙሉ እኔም ያንኑ መስመር በጭንቅላቴ ሳሳምር ነው ያደርኩት፤ የእኔ እንዲያውም ከእሱ የተሻለ ነበር።

ሰሚራ ዳንቴሉን አንስታ ጥቁሩን ክብ እያየች ቆየች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ጭሱ አይደለም ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «በዚህ አፌ።»

በሱፍቃድ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ወዲያ ስለ መስመሩ አላነሳም።

ጽሑፉ ከጉባኤው ይሳብ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኢሜይሉንም እዚያው ተቀምጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን ሲሰሙ ጀግና ነህ የሚሉኝ አሉ። ጀግንነት አይደለም። ውሸት መያዝ ያደክማል፤ በየጉባኤው ይዘኸው ትዞራለህ፣ በጠየቁህ ቁጥር ታለብሰዋለህ። እኔ ደግሞ ለአሁኑ ድካሜ እንኳ ቦታ የለኝም። አማካሪዬ «እንነጋገር» የሚል አንድ ቃል መለሰልኝ። ማታ ለባለቤቴ ለለተሃይማኖት ነገርኳት። ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ «ሌላ አንድ ዓመት?» አለች። «ምናልባት» አልኳት። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ቆይታ ነው የተመለሰችው።

ደንቡንም ቀየርን፤ ከእንግዲህ ባለቤቶቹ አስቀድመው ከፈቀዱልን ሳንደውል መምጣት እንችላለን። እትዬ ጠጅቱ ባለፈው ስወጣ «ቤትህ ነው፣ በፈለግህ ሰዓት ና» ብለውኝ ስለነበር መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ጋ ነው። ያን ቀን ከዳንቴሉ ጋር አውርጄ የወሰድኳትን ማሽን ራቁቷን በቦርሳዬ ይዤ። በሩ እንደገና ተዘግቷል። የሀዲያ ልብስ እንደገና ተሰጥቷል።

ይቆሉ ነበር። ማሽኗን ሚስማሯ ላይ ሰቀልኳት፣ አበራኋት። ወዲያው ቀይ በራች።

«ብርድ ነው» አሉ እትዬ ጠጅቱ። «ልብሷን አመጣህላት?»

«ቀዩ ብርድ አይደለም፣ እትዬ ጠጅቱ። ጭስ ማለት ነው።»

ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፋኗ ምን እንደምትስብ፣ አቡጀዲው ምን እንደያዘ፣ አረንጓዴው ለምን አረንጓዴ እንደነበረ። ቆሎውን ማማሰላቸውን አላቆሙም፣ እጃቸው ግን እየዘገየ፣ እየዘገየ መጣ።

«እኔ ነኛ ያበላሸሁብህ» አሉ። «ምረቃህን።»

«ምረቃው ይደርሳል። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ ደውለን መምጣታችን ነው፤ ቤቱን ወልውላችሁ ስትጠብቁን እውነት የመሰለን እኛ ነን።»

ይሄን ስል፣ ልናገረው ያሳፍረኛል፣ ለራሴ እያዘንኩ ነበር። ስለሄደው ዓመት፣ ስለ ኬብሮን፣ ስለዚያ ወንበር። ይቅርታ የማደርገው እኔ፣ ይቅርታ የሚያስፈልጋቸው እሳቸው መስሎኝ ነበር።

እትዬ ጠጅቱ ማማሰያውን አስቀመጡ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ስለዚህ ቤቴ ንጹህ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ሐኪሟ በወረቀት አሳይታኝ... ጭሱ አይደለም፣ ቤትዎ ንጹህ ነው ብላኝ?»

«እሷ ያመነችው እኔን ነው። እኔ ያመንኩት ማሽኗን ነው። ተሳስተን ነው።»

ቀዩን መብራት ለረጅም ጊዜ አዩት። ሲናገሩ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ።

«በፊት በሩን ከፍቼ ነበር የምቆላው» አሉ። «ደረቴ ስለሚከብደኝ። ሀዲያ ልብሴ ጭስ ጭስ ሸተተ እያለች ስንት ጊዜ ተጣልተናል፤ እኔ ግን አልዘጋም፣ ምን ላድርግ፣ ትንፋሽ አጣለሁ እላት ነበር። በኋላ እናንተ ንጹህ ነው፣ ሳሉ ከሌላ ነው ስትሉኝ ጊዜ፣ ታዲያ ለምን ከጎረቤቴ እቀያየማለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ዘግቼ ነው የምቆላው።»

እኔ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው የተቃጠለብኝ። እሳቸው በእኔ ግራፍ ተማምነው ከዚያ ጭስ ጋር ራሳቸው ላይ በር ዘግተዋል። ሳንባቸው ለምን እንደባሰበት ሰሚራ ስንት መጽሐፍ ስታገላብጥ የከረመችበት ጥያቄ መልሱ ይሄው ነበር፤ እኛው ነን ያባስነው።

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩት። እስከ ግድግዳው ድረስ ከፍቼ ድንጋይ አስደገፍኩበት። ጭሱ በአናቴ ላይ አልፎ ወደ ግቢው ወጣ።

«ኧረ እትዬ ጠጅቱ!» አለች ሀዲያ ከግቢው ወዲያ ጫፍ። «አሁን እኮ ነው ያሰጣሁት!»

«እዘጋዋለሁ! መጣሁ!» ብለው ሊነሱ ሲሉ ሳላቸው መልሶ አስቀመጣቸው። በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፣ ዝጋው፣ ዝጋው በሚል። «ተወው ልጄ... እንደገና ልንጣላ ነው።»

«ይቀመጡ» አልኳቸው።

ወጣሁና ገመዱ ሥር ቆሜ የሀዲያን ልብስ ማንሳት ጀመርኩ። የልጆቹን ሹራብ ክንዴ ላይ፣ አንሶላውን ትከሻዬ ላይ። ሀዲያ እጇን እያደራረቀች ሮጣ መጣች። አንዴ ልብሷን አየች፣ አንዴ እኔን።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ?»

«በሩ ከእንግዲህ አይዘጋም» አልኳት። «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የሳቸው አይደለም። ልብሱን ወዴት ልውሰደው? ጭስ የማይደርስበትን አሳዪኝ።»

አንሶላው ገና ውሃው አልጠፈፈም ነበር፤ ሸሚዜን አልፎ ጀርባዬን አበረደኝ። ከኋላችን እትዬ ጠጅቱ ያስላሉ። ሀዲያ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከተች፣ ትንሽ ቆማ ሰማቻቸው። ከዚያ መሬት ሊነካ የደረሰውን የአንሶላውን ጫፍ ከፍ አድርጋ ያዘች።